የቁልቁለቱ ማርሽ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የበደለኝም ቶሮንቶ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከቡሄ በኋላ በዋለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ምድር ቤት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ስለማልወድ ነው። ስልሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ጊዜውም ጉልበቱም የለኝም።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። እናንተ የማኅበሩ ልጆች አድጋችሁ መጽሔት ልታሳትሙ ተነስታችኋል አሉ። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

“አክስቴ፣ ስለ ድሮው ካምፒንግ አንድ ትዝታ ጻፊልን። ጀስት ዋን ፔጅ። ደስ የሚል ነገር።”

“ደስ የሚል ባይሆንስ?”

“አክስቴ፣ ካም ኦን!” ብላ ሳቀች።

ከዚያ መጽሔቱ ውስጥ የሚገባውን ፎቶ አሳትማ በፖስታ ላከችልኝ። ከሥሩ “የማኅበራችን መካኒክ” የሚል ጽሑፍ አለው።

ፎቶው ላይ ወንድሜ አሮጌው የናፍጣ ፒክአፕ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የነጭ ሸሚዙ እጅጌ አንዴ ብቻ ተጠቅልሏል። በቀኝ እጁ ትልቅ መፍቻ ይዟል፤ አያያዙ ቄስ ለማሳለም መስቀል እንደሚይዘው ነው። ከኋላው ቡናማ መስመር ያለበት ነጩ ተሳቢ ቤት ይታያል። ትሬለር ትሉታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ውስጡ ተኝታችሁበታል። ሰው ሁሉ የሚያየው ይህንን ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከመኪናው ሥር፣ በፊት ጎማና በኋላ ጎማ መሀል፣ የሁለት ሸራ ጫማዎች ሶል ይታያል። የግራው ተረከዝ በከመነዳሪ ቁራጭ ተለጥፏል። ያንን ላስቲክ ቆርጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጫማዎቹ ውስጥ ያሉት እግሮች የኔ ናቸው።

ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየሁት። ናፍጣ ሸተተኝ።

ያደግኩት ኮምቦልቻ፣ ናፍጣ የሚሸት ቤት ውስጥ ነው። አባቴ በአሰብ መንገድ ከነተሳቢው ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ነበር። ቤት በሚውልበት ቀን የፈታውን ዕቃ ሁሉ ናፍጣ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እያጠበ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፤ ብረቱ በጆንያው ላይ ተደርድሮ እንደ ዓሣ ያብረቀርቃል። ከመኪናው ሥር ሲገባ የእጅ ባትሪ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ የሚወደው መሪውን ነው። እኔ የምወደው ድምፁን ነበር። አባቴ ይህን ያውቃል። ሞተሩን አስነስቶ፣ “አይንሽን ጨፍነሽ ስሚ። ምን አለሽ?” ይለኛል።

“አንደኛው ያስላል” ብዬ መለስኩለት አንድ ቀን።

ናፍጣ ከሚረጩት ከስድስቱ ኢኒየተሮች አንዱ ቆሽሾ ነበር። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ለጎረቤቱ ሁሉ “ሐኪም ወለድኩ!” እያለ አወራ።

አባቴ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ “ቁልቁለት የሚወረደው በወጡበት ማርሽ ነው።” ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣህ በሁለተኛ ትወርዳለህ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልሃል። ሁሉን ለፍሬን ከተውክለት ፍሬኑ ይቃጠላል። በአሰብ መንገድ ግን ብዙ ሹፌር ቁልቁለቱን በፎሌ ነበር የሚወርደው። ማርሹን ነቅሎ ዝም ብሎ ይለቀዋል፤ የተረፈውን ናፍጣ መንገድ ላይ ይሸጠዋል። አባቴ እነዚህን ሰዎች ሰላም አይልም ነበር። “ፎሌ ማለት ተሳፋሪህን ለገደሉ መፈረም ነው” ይል ነበር። ወንድሜ ሁለት ዓመት ከሌላ ሹፌር ጋር ረዳት ሆኖ ሠራና ፎሌን ተምሮ መጣ። አባቴ ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን አላናገረውም።

አባታችን ሞተ። ወንድሜ በሱዳን በኩል ወጥቶ እዚህ ደረሰ። እናታችንንና እኔን በስፖንሰር ያመጣን እሱ ነው። በቀን አንድ፣ በማታ አንድ ሥራ እየሠራ አመጣን። ይህን አልክድም። የማልክደውን ነገር ደግሞ ሰው እየደጋገመ እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም።

ፒክአፑን የገዛው ከአንድ ገበሬ ነው። ያኔ ቆጣሪው ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ አልነሳ አለ። ወንድሜ አንድ ሳምንት ሙሉ ብርዱን ሲረግም ከረመ።

“ካንዴሌታዎቹ ናቸው” አልኩት። ናፍጣ ሞተርን በብርድ ጠዋት የሚያሞቁት ትንንሾቹ ዘንጎች ማለቴ ነው።

“አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?”

“አባባ ያሳየኝን።”

ዌስተን፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ነበረው። ወንድሜ በእጁም በእንግሊዝኛውም ሊያስረዳው ይታገላል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ በአማርኛ፣ “ካንዴሌታና ፊልትሮ በለው፣ ቺንጊያውም ላልቷል” አልኩት። ሽማግሌው ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወረደ። ወደኔ መጣና አንድ ዕቃ ከመደርደሪያ አንስቶ አሳየኝ። “ኩሽኔታ” አልኩት። ሌላ አነሳ። “ማርሚታ።” ሌላ። “ፍሪሲዮን።” ልጁን ከጓሮ ጠርቶ ነይና ጉድ ስሚ አላት። የአባቴ የጋራዥ ቃላት ግማሾቹ ጣሊያን አገራችን ጥሎ የሄዳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እንግሊዝኛዬ ሃያ ቃል አይሞላም ነበር፤ ለዚያ ሰው ግን የሚበቃ ቋንቋ ነበረኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮውን ለቀቀልኝ። እናቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። “አያትሽ ጣሊያን ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ከረሙ፤ አንቺ በእግርሽ ሄደሽ ጣሊያን ቤት ገባሽ?” አለች። ደግሞ ጨመረች፤ “ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ተጋድማ ብትታይ ማን ያገባታል?”

የዚያን ጓሮ ቅዳሜ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አገኘዋለሁ። ባቡሩ ሲያልፍ መፍቻዎቹ ሣጥናቸው ውስጥ ይንጫጫሉ። ከአጥሩ ወዲያ የዱር ወይን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሲበስል ሽታው ከተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋር ይደባለቃል። መጀመሪያ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ቡሎን አላልቼ ናፍጣው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አፈስ ነበር። ቀጥሎ ዘይት። ቀጥሎ በበረዶው ወራት መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው የበላውን ብረት በሽቦ ብሩሽ መፋቅ። የተሳቢውንም ፍሬን እኔ ነበርኩ የማስተካክለው። ብዙ የሄደ የናፍጣ መኪና እንደ አረጀ ሰው ነው፤ በየጊዜው ከሰማኸው ይኖራል፣ ቸል ካልከው መንገድ ላይ ይቀጣሃል። ወንድሜ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል። ማኅበርተኛ ሲመጣ ካየ፣ “መጡ! ውጪ!” ይለኛል። እኔ እወጣና ጨርቅ እይዛለሁ፤ እሱ መፍቻውን ይይዛል።

ፎቶው የተነሳ ቀን ግን ድንገት ነው የደረሱት። “እንዳትወጪ” አለኝ በሹክሹክታ። አልወጣሁም። ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ግንባሬ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ ተጋድሜያለሁ። ከላይ ሰዎቹ ይስቃሉ።

“ይሄን አሮጌ እንዴት አድርገህ ነው ያቆየኸው? እጅህ ወርቅ ነው እኮ!”

“የአባቴ ልጅ ነኛ” አለ ወንድሜ።

ሞኝነቴን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ያመሰገኑት ሥራዬን ነው ብዬ እዚያው ዘይት ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ያን ሰሞን የምደሰትበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ጣሊያኑ በመስከረም ተለማማጅ አድርጎ ሊያስመዘግበኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። መንግሥት የሚያውቀው ተለማማጅ፤ ሰዓቴ ተቆጥሮ፣ ተፈትኜ፣ በስሜ ፈቃድ የማወጣበት። ያንን ለእናቴም ለወንድሜም አልነገርኩም። እንደ እርግዝና ነው ደብቄ የያዝኩት።

ተሳቢው ቤት የማኅበሩ ነበር። በየዓመቱ ቡሄን ሀይቅ ዳር እናከብር ነበር፤ ሽማግሌዎችና አራሶች ተሳቢው ውስጥ፣ ሌላው ድንኳን ውስጥ ያድራል። የሚጎትተው የወንድሜ ፒክአፕ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ጉዞው ሊጀመር ሲል፣ ዕቃው ሁሉ ከኋላ ተጭኖ አገኘሁት። ተሳቢ ከኋላው ከከበደ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል። ድስቶቹን ወደ ፊት ማዛወር ጀመርኩ።

“ድስቴን ማነው የነካው?” አለች የማኅበሩ ወጥ ሠሪ።

“እኔ ነኝ እትዬ። ከባዱ ወደ ፊት ይሁን።”

“አንቺ ደግሞ መች ሹፌር ሆንሽ! ነገ ደግሞ ቅመሙን ልምጥን ትይኛለሽ።”

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዕቃውን ግን አዛወርኩት። ሊቀመንበሩ፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናየው የድሮ አስተማሪ፣ ወንድሜን “ናፍጣ አንሞላም?” አሉት።

“ጋሼ ሐሳብ አይግባዎት። በአንድ ታንክ ደርሰን እንመለሳለን። ካልተመለስን ጢሜን ይላጩኝ!”

ይህን ሲል ደስ አላለኝም። ፍሬኑን በዋዜማው ፈትሼ ነበር፤ ደህና ነው። ዘይቱ ደህና ነው። ደስ ያላለኝ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ወደ ጆርጂያን ቤይ ስትጠጉ መንገዱ ከአንድ ከፍታ ላይ ይደርስና ረጅም ሆኖ ይወርዳል። ከላይ ሆናችሁ ሀይቁን ታዩታላችሁ፤ ያን ቀን እንደ ቆርቆሮ ያበራ ነበር። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። እኔ ከኋላ፣ በጠባቧ ወንበር ላይ፣ ከበሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። መኪናው ዳገቱን በሦስተኛ እያጓራ ወጣ። ጫፍ ላይ ደረስን። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ጉልበቱ ነው የጠፋው። ቆሞ ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ መኪና ዝም ብሎ ጧ ጧ ጧ ይላል፤ እኛ ግን እየበረርን ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁትን ማመን አልፈለግሁም።

“ወንድም ጋሼ፣ ፎሌ ነው? ማርሽ አስገባ!”

“አርፈሽ ተቀመጪ፤ ናፍጣ እንቆጥባለን።”

“አሁኑኑ አስገባ! ኋላ አይገባልህም!”

“ሴትዮ፣ መኪና ልታስተምሪኝ ነው?”

ዓይኔን ስገልጥ እናቴን አየሁ። ፊቷ ወደ መንገዱ አልነበረም። አንገቷን አዙራ የወንድሜን ቀኝ እጅና ነቅሎ የተወውን የማርሽ ዘንግ ታያለች። የሰላሳ ዓመት የሹፌር ሚስት ናት። የምታየው ምን እንደሆነ ታውቃለች።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ፀጉርና የጋለ ብረት አንድ ላይ። ከዚያ ወንድሜ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ እግሩ ያለ ከልካይ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ማርሹን ሊያስገባ ሞከረ፤ ካምቢዮው ጮኸ እንጂ አልተቀበለውም። ተሳቢው ከኋላ ይገፋናል። ኩርባው ላይ ስንደርስ እሱ ወደ አንድ ወገን፣ እኛ ወደ ሌላ ሆንን። ማያያዣው ተገነጠለ፤ ተሳቢው ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ፤ እኛ በቆሎ እየደረመስን ሄደን ቆምን። ከበሮው ደረቴ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። የበቆሎው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ከኋላችን የነበሩት መኪኖች ቆሙ፤ ሰዎች እየጮሁ ሮጡ። ከተሳቢው የተበተነው ሙልሙል ዳቦ በበቆሎው መሀል ተዘርቶ ነበር። ሰው አልሞተም። የእናቴ ግራ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ።

ወንድሜ በሩን ከፍቶ ወርዶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል፣ “ፍሬኑ! ፍሬኑ እምቢ አለኝ!” የሚል ነው።

እሑድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ምድር ቤቱ ጠባብ ነው፤ የማሞቂያው ቧንቧ ጣሪያው ላይ ይንኳኳል። ሊቀመንበሩ ረጋ ብለው፣ “ልጄ፣ እስቲ ምን እንደሆነ ንገረን። አንተ መኪናህን የምትጠብቅ ሰው ነህ” አሉት።

ወንድሜ ተነሳ። ያው ነጭ ሸሚዙን ነው የለበሰው።

“ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር። መኪናውን የምይዘው እኔ አይደለሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ የምትፈታውም የምትገጥመውም እህቴ ናት። በዋዜማውም ፍሬኑን የነካችው እሷ ናት። እኔ አልነካሁም።”

ስሙኝ። ሦስት ዓመት እጄን ደብቆ ይዞ ነበር። ሥራው ሲመሰገን የሱ ነው፤ መኪናው ሲወድቅ የኔ ሆነ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መካኒክ ብሎ የመሰከረልኝ የዚያን ዕለት ነው።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ወጥ ሠሪዋ፣ “አላልኳችሁም? ድስቱንም እሷ ናት ያመሰቃቀለችው!” አለች። ሊቀመንበሩ ዝም አሰኟት።

“ልጄ፣ እውነት ነው? ፍሬኑን ነክተሽው ነበር?”

“አዎ ጋሼ፣ ነክቼዋለሁ” አልኩ። እውነት ነዋ። “ነገር ግን...”

የእናቴ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ። በጀሶ የታሰረው እጅ ነው፤ ከባድ ነበር። “ተይ” አለችኝ። ድምፅ አላወጣችም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ተውኩ።

እቤት ስንገባ አስራ አራተኛው ፎቅ ላይ በመስኮት እያየች ነው የነገረችኝ። “ወንድምሽ ነው። የሱ ስም ከወደቀ እዚህ አገር ሁላችንም ወደቅን። አንቺ ሴት ነሽ፤ ስም ሌላ ቤት ታገኛለሽ።”

“እማዬ፣ አይተሻል እኮ።”

ምሳ እናቅርብ አለች።

በሳምንቱ መኪናው እየተጎተተ ዌስተን ደረሰ። ወንድሜ ጣሊያኑን ሊያነጋግር አብሮኝ ሄደ፤ ብረቱን ጣለው ሊለው ነው። ደግሞም ሊነግረው የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ በጣቱ እያመለከተኝ፣ “ፍሬኑን የሠራችው እሷ ናት፤ እናታችንን ልትገድላት ነበር” አለው። ተለማማጅነቴ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ። ጣሊያኑ ክሪኩን አምጥቶ መኪናውን አነሳ፤ የፊት ጎማውን ፈታ። የፍሬኑ ዲስክ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ዲስኩን የሚይዘው ሸራ መስታወት መስሎ ያብረቀርቃል። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወንድሜን ቀና ብሎ አየና መዳፉን ዘርግቶ ከላይ ወደ ታች አንሸራተተው።

“ፎሌ” አለ።

በሱም ቋንቋ ቃሉ ያው ነው። ወንድሜ ገባው። መሬት መሬት አየና ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ጋራዥ ደጃፍ ዳግመኛ አልደረሰም። መኪናውንም “ውሰጂው፣ የብረት ክምር ነው” ብሎ ተወልኝ። እውነቱን ያወቀልኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አማርኛ የማይችል ሰው ነበር። ለማንም ሊነግርልኝ አይችልም።

ማኅበሩ ስም አወጣልኝ፤ “ፍሬን አልባዋ።” አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሳይቀር፣ “እሷ ትሳፈራለች? እንግዲያው ቀጣዩን ልጠብቅ” እያለ የሚቀልድ ነበር። ለዓመታት መኪናው ሲበላሽ ወደኔ የደወለ ማኅበርተኛ አልነበረም። ቦይ ውስጥ የተጣለውን ተሳቢ ቤት ከጣሊያኑ ጋር አንስተን፣ ሻንሲውን አቃንተን፣ ግድግዳውን ለጥፈን መለስንላቸው። “ወንድሟ አስጠገነው” ተባለ። እናንተ የተኛችሁበት ቤት ያ ነው። እኔ በመስከረም ተመዘገብኩ፤ በአምስተኛው ዓመት ፈቃዴን አወጣሁ። እናቴ እንዳለችው ስም ሌላ ቤት አገኘሁ፤ የባል ቤት ግን አይደለም።

በእናቴ ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ዛሬም አልጨረስኩም። ነገር ግን ሳላየው የቆየሁት አንድ ነገር ነበር። እናቴ ከዚያ ቁልቁለት በኋላ ወንድሜ በሚነዳው መኪና ላይ አልተሳፈረችም። አንድም ቀን። “እማዬ ነይ ላድርስሽ” ሲላት፣ “ሐኪም በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል” ትላለች። በራሱ ሠርግ ቀን እንኳ ሊያደርሳት ቢል “ሆዴን አመመኝ፣ ከሴቶቹ ጋር ልምጣ” አለች። አንድ በረዷማ ጠዋት ዳንፎርዝ ላይ፣ በርበሬና ሽሮ የያዘ ፌስታል በሁለት እጇ ተሸክማ አውቶቡስ ስትጠብቅ አየኋት። የወንድሜ መኪና አጠገቧ ቆመ፤ መስኮቱ ወረደ። እሷ በፈገግታ እጇን አውለበለበችለትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። እሱ ሄደ። እሷ እዚያ ብርድ ውስጥ ቆመች። እኔ ማዶ ቆሜ ሁሉንም አየሁ፤ ያኔም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

የገባኝ ከመሞቷ በፊት በነበረው ቡሄ ነው። በዚያ ጊዜ ተሳቢውን የሚጎትት ሌላ መኪና ስለጠፋ፣ ፍሬን አልባዋ ሆኜም ቢሆን የምጎትተው እኔ ሆኜ ነበር። በዚያው ፒክአፕ። ቆጣሪው ስድስት መቶ ሺህ አልፏል። እናቴ ከፊት ተቀመጠች። ያው ከፍታ ላይ ደረስን፤ ሀይቁ ታየ። ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ እያጓራ መኪናውንም ተሳቢውንም ይዞ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ተሠራ፤ አንዱ ጡሩንባ ነፋብን። እናቴ ያን ያለ ሥርዓት የገጠመውን ግራ እጇን በቀኟ ይዛ የማርሹን ዘንግ ታያለች።

“በስንተኛ ነው የምትወርጂው?” አለችኝ።

“በሁለተኛ።”

“አባትሽም እንዲሁ ነበር” አለች።

እስከ ታች ድረስ ሞተሩን እየሰማን ወረድን።

ትናንት ወንድሜ ደወለ። ልጁ ነግራው መሆን አለበት። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

“ልትጽፊ ነው አሉ። ያለፈውን ምን አስነሳሽ?”

“ፎቶውን ለመጽሔት የሰጠኸው አንተ ነህ።”

“እኔ አሁን አሮጌ ሰው ነኝ።”

“እኔስ?”

ከዚያ፣ “እማዬ እንኳ አንድም ቀን አላነሳችውም” አለኝ።

“እማዬ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን መኪናህ ላይ ተሳፍራ ታውቃለች?” አልኩት።

ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። አሁን ነው የሚቆጥረው፤ ሠርጉን፣ ዳንፎርዝን፣ ሐኪሙን። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ። ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

እኔ ፎቶውን አነሳሁ። ከወንድሜ ሥር ያለውን “የማኅበራችን መካኒክ” የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩና “ሹፌሩ” ብዬ ጻፍኩ። ከመኪናው ሥር ካሉት ሁለት ጫማዎች ቀስት አውጥቼ፣ በጫፉ ላይ “መካኒኳ” ብዬ ከነስሜ ጻፍኩ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወጥቼ የፒክአፑን ዘይት ቀየርኩ።